ኔትዎርክ ነው ያልኩባቸው ሳምንታት

ጎረቤቴ መስማት ያቆሙት ልጃቸው ገና ድክ ድክ ትል በነበረበት ጊዜ ነው። ከባድ ትኩሳት ይዟቸው ብዙ ቀን ተኙ። ሲነሡ የሰው አፍ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለም። ራሳቸው የማይሰሙትን ድምፅ ማውጣትም ተዉ። ስለዚህ ልጅቷ አፏን የፈታችው በሁለት መንገድ ነው፤ ከሰፈር ልጆች ጋር በኑዌርኛ፣ ከእናቷ ጋር በእጅ።

የእጁን ንግግር ያስተማራቸው ሰው የለም። በትምህርት ቤት ከሚሰጠው የምልክት ቋንቋ ጋርም አይገናኝም። እናትና ልጅ ቤት ውስጥ ዓመት በዓመት ላይ እየጨመሩ የሠሩት ነው። ውሃ፣ ዓሣ፣ ዝናብ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ያ የማይረባ ሰውዬ፣ አኩርፌያለሁ፣ ተይኝ፤ ለሁሉም እጅ አላቸው። ዘመድ አዝማዱ ከዚህ የሚያውቀው ጥቂቱን ነው።

እኔ ኒውላንድ ሰፈር መጥቼ አጠገባቸው ቤት ስከራይ ልጅቷ አድጋ ነበር። በመካከላችን ያለው አጥር የሸንበቆ ስለሆነ ሁለቱ ሲያወሩ ይታየኛል። ፈጣኖች ነበሩ። አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ ትጀምራለች። ሲጣሉም አይቻለሁ፤ ድምፅ የሌለው ጭቅጭቅ ነው። ልጅቷ ሲበዛባት ፊቷን አዙራ ጀርባዋን ትሰጣቸዋለች፤ አልሰማሽም ማለቷ ነው። እናትየው ዞረው ፊቷ ላይ ይደቀናሉ። እንደገና ትዞራለች። እንደገና ይከተሏታል። በመጨረሻ ሁለቱም ይስቃሉ።

ከዚያ አግብታ ጁባ ሄደች። በዓመት አንድ ጊዜ እየመጣች እናቷን ትጠይቅ ነበር። ባለፈው ክረምት መምጣት ሲኖርባት ቀረች። ኩላሊቷን ታማ ጁባ ሆስፒታል ተኝታለች አሉ። እናትየው ሊሄዱ ተነሡ፤ ግን መንገዱ በዝናብ ተቆርጧል፣ ጉልበታቸውም ያን ያህል ጉዞ አይችልም። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ከለከላቸው።

እኔ ዘንድ የመጣችው የወንድማቸው ሚስት ናት። መሃል ከተማ ገበያ ዓሣ ትሸጣለች። አማርኛዋን የለመደችው እዚያው ከደንበኞቿ ጋር ስትከራከር ነው፤ ሰው መፍራት አታውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዓሣ ሳፋዋን እንደያዘች በራፌ ላይ ቆመች።

«አንተ ጋዜጠኛ፣ ትልቅ ኮምፒውተር አለህ አይደል?»

«ላፕቶፕ ነው። ምነው?»

«ካሜራ አለው?»

«አለው።»

«በቃ። እሷ ልጇን ልታወራ ነው። የእኔ ስልክ ትንሽ ነው። ዓይኗ ደግሞ ሞራ አለው፤ ፊት ታያለች፣ እጅ አታይም። ያንተ ትልቅ ነው።»

«እሺ፣ ደስ ይለኛል። ግን ልጅቷ በድምፅ ለአንቺ ብትነግርሽ፣ አንቺ ደግሞ …»

«አልኳት። እንቢ አለች። "ለእናቴ የምነግራት ነገር አለኝ፣ በሰው በኩል አይሆንም" አለችኝ። እናትየው ፊደል አታውቅም፣ እኔ ደግሞ የማውቀው የገበያውን ነው። ነይ፣ ሂጂ፣ ስንት ነው፣ ይሸታል። የልቡን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።» ከዚያ ሳፋውን ወደ ሌላኛው ክንዷ አዞረች። «ታስገባኛለህ ወይስ በር ላይ ነው የምታቆመኝ? ደገኞች እንዲህ ናችሁ።»

አስገባኋት። ነገሩ ይህ ነበር። ጁባ አልጋ ላይ ያለች ሴት ለእናቷ በእጇ መናገር የምትፈልገው ነገር አላት። እናትየው ማየት አለባቸው። በመካከል ያለው የእኔ ላፕቶፕ ነው።

ላፕቶፑን ያገለገለ የገዛሁት አዲስ አበባ ሳለሁ ነው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ በፍላሽ የሚዞር ቫይረስ ሁለት ጊዜ ቃለ መጠይቆቼን አጠፋብኝ። ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ቫይረስ አይነካውም ሲሉ ሰምቼ በራሴ እጅ ጫንኩበት። ከዚያ ወዲህ አንድ ፋይል ጠፍቶብኝ አያውቅም። ለጽሑፍም ድምፅ ለመቁረጥም ያስተማምናል። ምስል ላይ ግን ደካማ ነበር። መስኮት ይዤ ስጎትት ከእጄ ኋላ ቀርቶ ይደርሳል። ቪዲዮ ስከፍት ምስሉ በአግድም መስመር ለሁለት ይቆረጥና የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ይቀድማል። የመስኮቶቹን ጥላና ማሳመሪያ ሁሉ አጠፋሁ። ዴስክቶፕ የሚባለውን ፕሮግራም ራሱን ቀለል ባለ በሌላ ቀየርኩት። ትንሽ ተሻለው። የቀረውን እርጅና ነው፣ ሙቀትም አለ ብዬ ተውኩት። ቪዲዮ የእኔ ሥራ አልነበረም።

የመጀመሪያው ጥሪ በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆነ። ጁባ የሆስፒታሉ የጠያቂ ሰዓት ነው፤ ባሏ ስልኩን ይይዝላታል። እናትየው የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዬ አስጠግተው አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ። ልጅቷ ስትታይ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከስታ ነበር። ፊቷ ግን በደንብ ይታያል።

እጇን አነሣች። እኔና ዓሣ ነጋዴዋ ከኋላ ቆመናል። እጇ ደረቷ ላይ ነበር፤ ከዚያ ጆሮዋ አጠገብ ነው። ከደረት ወደ ጆሮ የሄደችበትን አላየንም። ቆየት ብሎ እጁ ጭኗ ላይ ወርዷል። እንደገና ጠፍቶ ጉንጯ ላይ ታየ። የእጅ ንግግር ማለት ደግሞ የሄደበት መንገድ ነው፤ መነሻና መድረሻው ብቻውን ምንም አይናገርም። እናትየው ወደ ስክሪኑ ተደፉ፤ ከዚያ ቀና ብለው ወደ እኛ ዞሩ።

«ምንድነው ይሄ፣ እንደ ዶሮ አንገት?» አለች ዓሣ ነጋዴዋ።

«ኔትዎርክ ነው» አልኩ።

ሳስብ አልቆየሁም። በእኛ ከተማ ኔትዎርክ ነው ከተባለ ቀጥሎ የሚጠየቅ የለም። ሰው ጉዳይ ሊያስፈጽም ሄዶ ግማሽ ቀን ይሰለፋል፣ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ኔትዎርክ የለም ይባላል፣ አንገቱን ነቅንቆ ይመለሳል። የሚቆጣ የለም። እንደ ዝናብ ነው።

ዓሣ ነጋዴዋ ግን አልተመለሰችም። ጆሮዋን ወደ ላፕቶፑ አቀረበች።

«ድምፁ አይቆረጥም እኮ።»

«እ?»

«ስማ። ያቺ አጠገቧ የተኛችው ሴትዮ ስታስል ሙሉው ይሰማል። ባሏ ውሃ ሲቀዳ ይሰማል። ኔትዎርክ ከሆነ ድምፁ ለምን አይቆረጥም?»

«ድምፅ ቀላል ነው፣ ምስል ከባድ ነው» አልኳት። «ኔትዎርኩ ሲደክም ቀላሉን ያሳልፋል፣ ከባዱን ይጥላል።»

«አሃ። እንደ ባጃጅ።»

«እንደ ባጃጅ።»

የተናገርኩት በጥቅሉ ሲታይ ሐሰት አይደለም። ለዚህ ነው ያመነችኝ፤ ለዚህ ነው እኔም ራሴን ያመንኩት። በዚያ ክፍል ውስጥ ድምፁን መስማት የምንችል ሁለት ሰዎች ነበርን። አንዷ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀች። ሌላው፣ መጠየቅ እንጀራው የሆነው ሰው፣ መልስ ሰጥቶ ዝም አሰኛት።

እናትየው ምን እንደተባለ ሲጠይቁ ዓሣ ነጋዴዋ ወደ ሰማይ አመለከተችና አምስት ጣቷን ዘርግታ ጨበጠቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለኔትዎርክም እጅ ተገኘለት።

ሁለተኛውን ጥሪ ከግቢያችን ውጭ ማንጎው ሥር አደረግን፤ እዚያ ሲግናሉ ሙሉ ነው ይባላል። ወንበርና ጠረጴዛ አወጣን። ላፕቶፑ ፀሐይ እንዳይመታው ነጠላ ጋረድንበት። ያው ነው። ሦስተኛውን በማለዳ ሞከርን፣ ሰው ኢንተርኔት ሳይከፍት። ነርሷ ስለፈቀደችላት በዚያ ሰዓት ደወሉ። ያው ነው። ለአራተኛው ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለን፣ ሦስታችን በአንድ ባጃጅ ተጣበን መሃል ከተማ ወዳለ ሆቴል ሄድን። እዚያ ዋይፋይ አለ።

«ወዴት ነው ሠርግ?» አለ ሾፌሩ፣ የእናትየውን ልብስ አይቶ።

«ጁባ» አለችው ዓሣ ነጋዴዋ። «ነዳጅ አለህ?»

«ለእናንተ እስከ ካርቱም አለኝ።»

እናትየው ሁለቱ ሲስቁ አይተው ፈገግ አሉ። ልጃቸውን ለማየት በሄዱበት መንገድ ሁሉ ፈገግ ያሉት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሆቴሉ ውስጥ ዋይፋዩ በእርግጥ ፈጣን ነበር። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ ሰው በስልኩ ኳስ ይመለከታል፣ ኳሱ ከሜዳ ጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። በእኔ ላፕቶፕ ላይ የልጅቷ እጅ ደረቷ ላይ ነበር፤ ከዚያ ጉንጯ ላይ ነው።

ልማድ ሆኖብኝ ሁሉንም ማስታወሻዬ ላይ እመዘግብ ነበር። ቤት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ይቆራረጣል። ማንጎ ሥር፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ይቆራረጣል። ቤት፣ ማለዳ፣ ይቆራረጣል። ሆቴል፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ይቆራረጣል። አራት ምስክር ነጥብ ሳያዛንፍ አንድ ዓይነት ቃል ሲሰጠኝ ያስጠናቸው አንድ ሰው አለ ብዬ የምጠረጥር ነኝ። በአራቱም ቦታ የነበረው አንድ ነገር ምንድነው ብዬ ለመጠየቅ ገጹን አንድ ጊዜ ማንበብ በቂ ነበር። ጻፍኩት እንጂ አላነበብኩትም።

በዚያው በሆቴሉ ጥሪ ልጅቷ ለአጎቷ ሚስት በድምፅ ተናገረች። ዓሣ ነጋዴዋ ተረጎመችልኝ።

«"እኔ እናቴን በደንብ አያታለሁ፣ እሷ ለምን አታየኝም?" ትላለች።»

«በዚያ በኩል ኔትዎርኩ የተሻለ ይሆናል በያት። እጇን ቀስ ታድርግ። አንዱን ስትጨርስ ሳታወርድ ትንሽ ይዛው ትቆይ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በጎ ምክር መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ እንዳልኳት አደረገች። እጇን ታነሣና ትይዘዋለች። ስክሪኑ ደርሶ እስኪይዘው ድረስ አየር ላይ ታቆየዋለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። እናትየው ያዩትን በራሳቸው እጅ መልሰው ያሳዩዋታል፤ ልክ ነው? ራሷን ትነቀንቃለች። ያን ያህል ፈጣን የነበሩት ሁለቱ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ሆኑ። እንደዚያም ሆኖ እናትየው ከሦስቱ አንዱን ቢይዙ ነው። የያዝነው ጊዜ በቀላሉ ነገር ያልቅ ነበር፤ በላሽ ወይ፣ ተኛሽ ወይ፣ ማን ይጠብቅሻል። ልጅቷ ልነግራት ነው ያለችው ነገር ጋ ሳይደረስ ነርሷ ትመጣለች።

የመጨረሻው ጥሪ እኔ ቤት ነበር። ባሏ ትራስ ደራርቦ አስቀምጧታል። ሰላምታውን ትታ በቀጥታ ጀመረች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ቆምኩ፤ የሚነገረው የእኔ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ዓሣ ነጋዴዋ ግን እናትየው ከጠየቋት ለማገዝ አጠገባቸው ቆየች። የላፕቶፑ ማራገቢያ እየጮኸ ነበር። በድምፁ በኩል የአልጋው ብረት ሲንቋቋ፣ የልጅቷ እጅጌ ከአንሶላው ጋር ሲፋተግ አንድም ሳይቆረጥ ይሰማኛል። እጇ ሲንቀሳቀስ በጆሮዬ እሰማ ነበር ማለት ነው። እናትየው በዓይናቸው አያዩትም።

ቆይቶ የነርሷ ድምፅ መጣ። ልጅቷ በድምፅ አንድ ነገር አለች።

«"ነገ እጨርሳለሁ" አለች» አለችኝ ዓሣ ነጋዴዋ።

ስዞር እናትየው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስክሪኑን ያያሉ፤ ጥሪው ተዘግቷል። የያዙትን ለወንድማቸው ሚስት አሳዩዋት። አንቺ። ቤት። አይደለም። ከብዙ የተነገረ ነገር የደረሳቸው ይህ ነው። ሦስቱን አገናኝቶ የሚያነብላቸው ሰው የለም፤ እሳቸውም አልቻሉም። እጃቸውን ደጋግመው ቤት፣ አይደለም፣ ቤት፣ አይደለም አሉ።

በማግስቱ አልተደወለም። በሦስተኛው ቀንም። በአራተኛው ቀን ባልየው ዓሣ ነጋዴዋ ጋ ገበያ መሃል ደወለ። ሳፋውን ለጎረቤቷ ሻጭ ትታ በእግሯ ኒውላንድ ድረስ መጣች። እኔ በር ላይ ነበርኩ። አልፋኝ ወደ እናትየው ግቢ ገባች። ቀጥሎ የሰማሁት የእናትየውን ድምፅ ነው። ስንት ዓመት ጎረቤቴ ሆነው ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ለቅሶው ላይ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች እየተፈራረቁ በኑዌርኛ ይዘምራሉ። እናትየው መዝሙሩን አይሰሙም፤ የሰዎቹን አፍ ያያሉ። አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። ቆይተው እጄን ያዙ። ወደ ሰማይ አመለከቱ፣ አምስት ጣታቸውን ዘርግተው ጨበጡ፣ ከዚያ እጄን መታ መታ አደረጉት። ኔትዎርክ ነው፣ አንተ ምን ታደርግ፣ እያሉኝ ነበር። አጽናኑኝ።

ከለቅሶው በኋላ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ጎግ ወረዳ ሄጄ ስለ በቆሎ ምርት ዘገባ ሠራሁ። አንድ ገበሬ በቆሎ ሲፈለፍል በስልኬ ቪዲዮ ቀረጽኩ፣ ከእሱ ላይ አንድ ፎቶ ላወጣ። ቤት ገብቼ በገመድ ወደ ላፕቶፑ ገለበጥኩት። የዚያን ቀን ኢንተርኔት የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረም፤ የላፕቶፑንም ዋይፋይ አጥፍቼዋለሁ። ቪዲዮውን ከፈትኩ። የገበሬው እጅ በቆሎው ራስ ላይ ነበር፤ ከዚያ ሥሩ ላይ ነው። ፍሬው ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ ግን አንድ በአንድ ይሰማል።

ሰማያዊ መሐረቤን አውጥቼ ስክሪኑን ጠረግሁት። ለምን እንደጠረግሁት አላውቅም። ከዚያ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስነሣሁት። ያው ነው። ስልኬ ላይ ከፈትኩት፤ እጁ እንደ ውሃ ይፈስሳል።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ከሳምንታት በፊት ማድረግ የነበረብኝን ነው። የሲስተሙ ዝርዝር የሚታይበትን ገጽ ከፈትኩ። ግራፊክስ በሚለው መስመር ላይ ምስል የሚስለው ካርድ ስም መኖር ነበረበት። የነበረው የአንድ ሶፍትዌር ስም ነው፤ ትርጉሙ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፣ በስክሪኑ ላይ ያለውን ነጥብ ሁሉ የሚስለው ፕሮሰሰሩ ብቻውን ነው ማለት ነው። ጽሑፍ ሲሆን ይደርስበታል። የሚንቀሳቀስ እጅ ሲሆን አይደርስበትም። ቀጥዬ ላፕቶፑ ሲነሣ የሚያነበውን ትእዛዝ አየሁ። በመጨረሻው ላይ አንድ ቃል አለ፣ ኖሞድሴት። ካርዱን አትንካ ማለት ነው።

ማን ጻፈው ለማለት አልደፈርኩም። የድሮ ማስታወሻዎቼን በየዓመታቸው አስቀምጣለሁ። ሊኑክስ የጫንኩበትን ገጽ አገኘሁት፣ በእጅ ጽሑፌ። «ስክሪኑ ጠቆረ። ኖሞድሴት ጨመርኩ። ሠራ።» ሠራ የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ቃሉ ለመጫኛ ጊዜ ብቻ እንደሆነና ከተጫነ በኋላ መነሣት እንዳለበት ያን ጊዜ የተከተልኩት የመጫኛ መመሪያ በሚቀጥለው መስመር ይናገራል። ይህን ያወቅሁት አሁን መልሼ ሳነበው ነው። ያን ጊዜ ሠራ ካልኩ በኋላ ማንበብ አቁሜያለሁ።

ቃሉን አጠፋሁት። ላፕቶፑን ዘግቼ አስነሣሁት። ሁሉም አሥር ደቂቃ አልፈጀም። መስኮቱን ስጎትተው ከእጄ ጋር መጣ። የገበሬው እጅ ከራስ እስከ ሥር ያለውን መንገድ ሳይዘል ሄደ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ጽፌ ካልተውኩት ዘገባው ይጎድላል። በእነዚያ ሳምንታት ከመሥሪያ ቤት ባልደረባ ሌላ ላፕቶፕ ለአንድ ሰዓት መዋስ እችል ነበር። አይከለክለኝም ነበር። አላሰብኩትም።

በሦስተኛው ቀን ገበያ ሄጄ ለዓሣ ነጋዴዋ ነገርኳት። ቢላዋዋን ይዛ ሰማችኝ። ጨረስኩ ስል ዓሣውን መቅደድ ቀጠለች።

«ያኔ ጠይቄህ ነበር» አለች።

«ጠይቀሽኝ ነበር።»

«እንደ ባጃጅ አልከኝ።»

«ባጃጅ ያልሽው አንቺ ነሽ …»

«አንተ ደግሞ "እንደ ባጃጅ" አልክ!» ቢላዋውን ጣውላው ላይ መታችው። አጠገቧ ያሉት ሻጮች ዞር ብለው አዩን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን ምን ፈለግህ?»

«እሳቸው ማወቅ አለባቸው። ነይና ንገሪልኝ።»

«ለምን? ኔትዎርክ ሰው አይደለም። ማንም አይጠላውም። አንተ ግን ከአጥሩ ማዶ ነህ፤ ጠዋት ስትወጣ ታይሃለች፣ ማታ ስትገባ ታይሃለች። ተዋት።»

«የተሳሳተ ነገር ነግሬያቸዋለሁ። ስሳሳት አስተካክላለሁ፣ ሥራዬ ነው።»

«ይሄ ጋዜጣ ነው?» አለች። ሆኖም ከሰዓት በኋላ መጣች።

እናትየው ግቢያቸው ውስጥ ጥላው ሥር ተቀምጠው ነበር። በኑዌርኛ ሰላም ለማለት «ማሌ» አልኳቸው፤ አፌን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ላፕቶፑን ከፍቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ዓሣ ነጋዴዋ ወደ ሰማይ አመለከተች፣ አምስት ጣቷን ዘርግታ ጨበጠች፣ ከዚያ እጇን አወዛወዘች፤ አይደለም። ላፕቶፑን ነካች፤ ይሄ ነው። ከዚያ ቆመች። እኔን ለማመልከት እጇ አልታዘዘላትም። እኔው በጣቴ ደረቴን ነካሁ።

የገበሬውን ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። ወደ ስክሪኑ ተጠግተው አዩት። እጁ ያለምንም መዝለል ሲሄድ ለረጅም ጊዜ አዩት። ቪዲዮው አለቀ፣ እንደገና እንዳስነሣው በጣታቸው አዘዙኝ። አስነሣሁት። ከዚያ ስክሪኑን ራሳቸው አጠፉት፣ ክዳኑን ጫን አድርገው።

ተነሥተው ወደ ቤት ይገባሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቢመቱኝም ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ወንድማቸው ሚስት ዞረው እጃቸውን አንቀሳቀሱ። አልገባትም። ደገሙላት፣ ቀስ ብለው። የዓሣ ነጋዴዋ ፊት ተለወጠ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«ቆይ።» ወደ እኔ ዞረች። «ልጇ እጇን ቀስ ታደርግ ነበር አይደል፣ ከፍ አድርጋ ይዛ። "እኔ ስላመማት፣ አቅም ስላጣች ነው ብዬ ነበር" ነው የምትለው። "እንደዚያ ነው የማስታውሳት" ትላለች። አሁን ልጠይቅህ ትልሃለች። ደክሟት ነው ወይስ በዚህ ምክንያት?» ላፕቶፑን ሳታየው በአገጯ አመለከተች።

የማውቀውን አሰብኩ። እጇን ቀስ እንድታደርግ በአራተኛው ጥሪ የነገርኳት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊትም ፈጣን አልነበረችም፤ ከስታ ነበር። በመጨረሻው ጥሪ ትራስ ተደራርቦላት ነበር፣ ያንን አይቻለሁ። እጇ ሲወርድ ግን አላየሁም፤ ወደ መስኮቱ ዞሬ ነበር። ባልየውን ደውዬ ብጠይቀው እሱም አጠገቧ ሆኖ ስልክ የያዘ ሰው ነው፤ የትኛው ከሕመሙ የትኛው ከእኔ እንደሆነ በምን ይለየዋል። ሊለየው የሚችል አንድ ሰው ነበር።

«አላውቅም በያቸው።»

ዓሣ ነጋዴዋ እጇን ከማንሣቷ በፊት ፊቴን አይተው ጨርሰዋል። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አነሡ፤ ልጃቸው ታደርገው እንደነበረው ከትከሻቸው በላይ አድርገው አየር ላይ ያዙት። ዓይናቸውን ከእጃቸው ላይ አልነቀሉም። እየለኩ ነበር፤ እንዲህ መያዝ ምን ያህል ያደክማል። ቆዩ። ክንዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አላወረዱትም።

በመጨረሻ የወንድማቸው ሚስት ተነሥታ ክንዳቸውን በሁለት እጇ ደግፋ ይዛ ቀስ ብላ አወረደችላቸው።